ሕጉን ለደላላ ብቻ አንተውለት

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ተነሥቶ ወደ ሩቅ አገር መሄዱ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ለዚህም የደቡብ ጎንደር ደጋ ዋና ምስክር ነው። ድጓ ለመማር የፈለገ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከሸዋም ከወሎም ከጎጃምም እየተነሣ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይመጣ ነበር፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገውም ወደ ዙር አምባ ይወጣ ነበር። የፋርጣና የእስቴ፥ የስማዳና የእብናት ገበሬ ደግሞ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ሲወርድ ብዙ ዘመን ኖሯል። ስለዚህ «ልጆቻችን ለምን ይሄዳሉ?» እያሉ መደነቅ ብቻውን የአገሩን ጠባይ አለማወቅ ይሆናል።

ዛሬ ግን መንገዱ ረዝሟል። ከጉና ተራራ ግርጌ የተነሣች ልጅ ጅዳ ወይም ቤይሩት ትደርሳለች። የቆሎ ተማሪ ሲነሣ የሚያስፈልገው ስንቁና የሰው ደግነት ነበር፤ የዛሬዋ መንገደኛ ግን ፓስፖርት፥ ውል፥ ቪዛና የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋታል። ከእነዚህም ሁሉ በላይ የሚጠብቃት ሕግ ያስፈልጋታል። ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋራ ልንነጋገር የፈለግነውም ስለዚሁ ሕግ፥ ይልቁንም ሕጉን ስለምንቃወምበት አኳኋን ነው።

ነገሩን ከዓይናችን ካየነው እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደብረ ታቦር ከተማ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተራ ስንጠብቅ፥ አንዲት የባላገር እናት ገቡ። ከመቀነታቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡና ለወጣቱ ጸሐፊ ዘረጉለት። ወረቀቱ ግማሹ በዐረብኛ፥ ግማሹ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሥራ ውል ነበር።

«የኔ ልጅ፥ ልጄ ልትሄድብኝ ነው። ይኸ ወረቀት ምን እንደሚል አንብብልኝ» አሉት።

«እማማ፥ ይህ እኛን አይመለከትም፤ የሚልካትን ሰውዬ ይጠይቁት» አላቸው።

«እሱማ ነግሮኛል። እሱ ያለውና ወረቀቱ ያለው አንድ መሆኑን ማን ይንገረኝ ብዬ ነው እንጂ።»

ወጣቱ ጠባየ መልካም ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። ግን የሚላቸው አልነበረውም። ቆይተን ስለ ስደት ጉዳይ ብንጠይቀው «ሕጉ የማይረባ ነው» አለን። «የትኛው አንቀጽ?» ብንለው ፈገግ አለና ዝም አለ። እኛም ብንሆን በእርሱ ለመፍረድ አልደፈርንም፤ አዋጁን እስከዚያ ቀን ድረስ አንብበነው አናውቅም ነበርና። እናትየው ወረቀታቸውን አጥፈው ወጡ። ወደ ማን እንደ ሄዱ ለመገመት አያስቸግርም፤ ወደ ደላላው ነው። ከእኛ ከተማርነው ሁሉ ሕጉን ያወቀው፥ ቀዳዳውንም ያወቀው፥ የሚተረጉምላቸውም እርሱ ብቻ ነበር።

ደብረ ታቦር የመሳፍንትና የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን አዋጅ በገበያ ቀን፥ በነጋሪት ይነገር ነበር። ነጋሪቱ ሲጎሰም ቅቤ ሻጯም፥ እንጨት ተሸካሚውም፥ መኳንንቱም እኩል ይሰማሉ። «አልሰማሁም» የሚል ሰው አይኖርም ነበር። የዛሬው የሕግ ጋዜጣም ስሙን የወረሰው ከዚያው ነጋሪት ነው። ነገር ግን ስሙ ቀርቶ ድምፁ ጠፍቷል። አዋጁ ይታተማል፤ ከመዝገብ ቤት መደርደሪያ ይቀመጣል፤ ወደ ገበያው ግን አይወርድም። ሕዝቡም ያልሰማውን ሕግ በወሬ ይቃወማል፥ ወይም በወሬ ይደግፋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ሕግን መቃወም የዜጋ መብት ነው፤ ሳያነብቡ መቃወም ግን ከጩኸት አያልፍም፤ ጩኸትም ሲያልፍ ቦታውን ለደላላ ይለቃል።

ጩኸት ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ አባቶች። በ2006 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በዐረብ አገሮች በእኅቶቻችን ላይ ስለሚደርሰው ግፍ የሚሰማው ሮሮ ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲጠራቀም ቆይቶ ነበር። መንግሥትም በጥቅምት ወር ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች የሚደረገውን ጉዞ ለጊዜው አገደ። በዚያው ወር መጨረሻ የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች የሰጠው የምሕረት ጊዜ አበቃና አፈሳ ጀመረ። በሪያድ ከተማ መንፉሓ በተባለው ሰፈር ወገኖቻችን ተደበደቡ፤ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩ። በስልክና በኮምፒዩተር የተላለፈው ምስል የዓለምን ኢትዮጵያዊ ሁሉ አስለቀሰ። በዋሽንግተን፥ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ኢትዮጵያውያን በሳዑዲ ኤምባሲዎች ደጃፍ ተሰለፉ። በአዲስ አበባም ኅዳር 6 ቀን በኤምባሲው ፊት ለመሰለፍ የወጡ ሰዎች በፖሊስ ተበተኑ፤ የታሠሩም ነበሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ያ ጩኸት ተገቢ ነበር። ወገኑ ሲደበደብ ዝም የሚል ሕዝብ ሕዝብ አይባልም። ነገር ግን ጩኸቱ ካለፈ በኋላ የሆነውን እንመልከት። ለጊዜው የተባለው እገዳ ከ4 ዓመት በላይ ቆይቶ የተነሣው በጥር 2010 ዓ.ም. ነው። እገዳው የኤጀንሲውን በር ዘጋ፤ የመተማን መንገድ ግን አልዘጋም፤ በጅቡቲ በኩል በኦቦክ ወደ የመን የሚያሻግረውን ጀልባም አላቆመም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ብቻ ከ117 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ባሕር ተሻግረው የመን ገብተዋል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የእኛ ልጆች ነበሩ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ በሐዘንና በችኮላ የተዘጋ በር ከኋላው የቆሙትን ሰዎች ወደ መስኮት ሰደዳቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ «በሩ ሲዘጋ መሄዳቸው የማይቀረው ልጆች በየት ይሄዳሉ?» ብሎ በጽሑፍ የጠየቀ ከተሰለፈው ሰው ቍጥር ጋራ ሲመዛዘን ጥቂት ነበር።

በየካቲት 2008 ዓ.ም. ገደማ የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ። ይህ አዋጅ ምን ይላል? የቪዛ፥ የደርሶ መልስ ትኬት፥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፥ የኢንሹራንስም ወጪ የአሠሪው ነው ይላል። ሠራተኛዋ የምትከፍለው የፓስፖርቷን፥ የሕክምና ምርመራዋን፥ የክትባቷን፥ የልደት ማስረጃዋንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫዋን የመሰለውን ብቻ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ለትኬትና ለቪዛ ተብሎ ከባላገሩ ቤት ስንት በሬ እንደ ተሸጠ፥ ስንት መሬት በወለድ አገድ እንደ ተያዘ አስብ። ይህችን አንዲት አንቀጽ አንብቦ የሚያስረዳቸው ሰው ቢያገኙ ኖሮ እነዚያ በሬዎች ባልተሸጡ ነበር። እንዲህ ያለውን ሕግ በጅምላ «የማይረባ ነው» ማለት ለማን ይጠቅማል?

ይህ ሲባል ሕጉ ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። ያው አዋጅ በውጭ አገር ለመቀጠር የሚፈልግ ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍል የጨረሰ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። የሕግ አውጪው አሳብ በጎ ነው፤ ማንበብና መጻፍ የምትችል ልጅ ራሷን ለመከላከል ትችላለች ብሎ ነው። ነገር ግን በስማዳ ወይም በእብናት ቆላ ያለች፥ በአሥር ዓመቷ ትምህርት ያቋረጠች ልጅ ይህን ስትሰማ መሄዷን አትተወውም። ወይ የሐሰት ማስረጃ ትገዛለች፥ ወይ በበረሃ ትሄዳለች። ስለዚህ ሕጉ የከለከለው መሄዷን ሳይሆን በሕግ መሄዷን ሆነ። እንዲህ ያለው ነቀፌታ አንቀጹን ጠቅሶ፥ የሚጎዳውን ሰው አሳይቶ የሚቀርብ ነውና ሊመልሱለት የሚገባ ነቀፌታ ነው። በ2013 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1246 ያ የ8ኛ ክፍል ግዴታ ተነሥቷል። ሕግ የጻፈውን ሕግ ይፍቀዋል ማለት ነው። እኛ ግን ይህ ለውጥ በተደረገ ጊዜ ስንቶቻችን ሰማን? ስንቶቻችንስ ለገጠሯ ልጅ ነገርናት?

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። በዐረብ አገሮች ከፋላ የሚባለው ደንብ የሠራተኛይቱን መግባትና መውጣት፥ ሥራ መለወጧንም በአሠሪዋ እጅ ያደርገዋል። ይህ ነገር ለደብረ ታቦር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከከተማዋ አጠገብ በጋፋት ሰፍረው መድፍ ይሠሩ የነበሩት የአውሮፓ ባለእጆች በመጀመሪያ በክብር የተያዙ ነበሩ፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍም የእጃቸው ሥራ ነው። በመጨረሻ ግን «አገሬ ልግባ» ያለ በፈቃዱ መሄድ አልቻለም። መድፉን እየጎተቱ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ እስከ መቅደላ ተጓዙ፤ ነጻ የወጡትም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛ ደመወዝም ክብርም ቢሰጠው የመሄጃው ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ምን ያህል እንደሚጨነቅ የጋፋት ኮረብታ ያውቃል።

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ይህን ደንብ አላላሁ አለ፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ሥራ እንዲለውጡና ከአገር እንዲወጡ አንዳንድ በር ከፈተ። ነገር ግን የቤት ሠራተኞችን ከዚህ አወጣቸው። የእኛ እኅቶች አብዛኞቹ ደግሞ የቤት ሠራተኞች ናቸው። በ2006 ዓ.ም. አደባባይ ከሞላው ሰው እኩሌታው እንኳ በዚያን ጊዜ ድምፁን ቢያሰማ ምንኛ መልካም ነበር! የተደበደበ ሰው ምስል ያስለቅሳል፤ የተጣለች አንዲት አንቀጽ ግን አታስለቅስም። ሆኖም ድብደባውን የሚወልደው ብዙ ጊዜ ያ የተጣለው አንቀጽ ነው።

ይህ ድካም የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር የሆነውን እንመልከት። በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ያለ ፈቃድ የሚኖረውን የውጭ አገር ሰው እንደ ከባድ ወንጀለኛ የሚቆጥር ረቂቅ አሳለፈ። በተከታዩ ጸደይ በሎስ አንጀለስ፥ በቺካጎና በሌሎችም ከተሞች በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ረቂቁም ሕግ ሳይሆን ቀረ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ደግሞ ለእነዚያው ሰዎች ሕጋዊ ኑሮ የሚከፍት ሌላ ረቂቅ በሴኔት ቀረበ። በዚህ ጊዜ የተነሡት ሌሎች ናቸው፤ «ሕግ ላፈረሰ ምሕረት የለም» እያሉ በስልክ ጥሪ የምክር ቤቱን መስመር እስከ ማጨናነቅ ደረሱ፤ ይህም ረቂቅ ወደቀ። ሁለቱም ወገኖች ማስቆም ቻሉ፤ ሁለቱም የሚያስማማ ሌላ ሕግ ማቆም አልቻሉም። በመካከሉ በሚሊዮን የሚቆጠረው ሰው፥ ከእርሱም ጋራ ብዙ ኢትዮጵያዊ፥ በጭንቀት እንደ ኖረ ቀረ። በ2005 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሴኔቱ ያሳለፈው ሌላ ረቂቅ ዲቪ የሚባለውን ዕጣ የሚያስቀር ነበር፤ በሌላው ምክር ቤት ሳይታይ ስለ ቀረ ሕግ አልሆነም። በዚያ ዓመት በደብረ ታቦር የኮምፒዩተር ቤቶች ተሰልፎ ዲቪ ከሞላው ወጣት ይህን የሰማ ስንቱ ይሆን? ዕጣ ፈንታችን የሚጻፍበትን ወረቀት ማንበብ አለመልመዳችን እዚህም ይታያል።

እስካሁን የተናገርነው ለተቃዋሚው ነው። ለሹሙም የምንለው አለን። ዓባይን ተሻግረን ጎጃምን እንመልከት። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወረቀት ሲታይ ከገቢ ላይ የሚከፈል ግብር ነበር። ባላገሩ ግን መሬቴ ሊለካ፥ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ተነሣ። ጦር ተላከበት፤ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም መንግሥት ከአሳቡ ተመለሰ፥ የቆየውንም ውዝፍ ግብር ተወ። በዚያ ነገር ግብሩ ብቻ ሳይሆን አለመተማመኑም ተዋግቷል። ሕዝቡ የሚያምነው ሰው ቀርቦ በሚገባው ቋንቋ ካላስረዳው፥ ጥሩውንም ሕግ እንደ ወጥመድ ያየዋል። ተቃውሞ ሲነሣም «ሕዝቡ አላወቀም» ብሎ መቈጣት ለሹም አይገባውም፤ ያላሳወቀው እርሱ ነውና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 የመሰብሰብን፥ የመሰለፍንና አቤቱታ የማቅረብን መብት ይሰጣል፤ በአንቀጽ 32 ደግሞ በፈለጉት ጊዜ ከአገር የመውጣትን ነጻነት። ከሦስቱ የአንቀጽ 30 መብቶች ሰልፉን ሁሉም ያውቀዋል፤ አቤቱታው ግን ተረስቷል። የሚያስደንቀውም ይህ ነው፤ ሙግት በዚህ አገር እንግዳ አልነበረም። የቀድሞው ባላገር ፊደል ሳይቆጥር «በላ ልበልሃ» ብሎ፥ ዋስ ጠርቶ፥ ምስክር ቆጥሮ፥ ነገሩን ከሥር መሠረቱ ያስረዳ ነበር። ዳኛው የሚሰማው የጮኸውን ሳይሆን ነገር ያወቀውን ነው። የልጅ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ይህን ወግ መጣል የለብንም።

መልካም አቤቱታ ሦስት ነገር ይበቃዋል። አንደኛ፥ የምንቃወመው የትኛው አንቀጽ እንደ ሆነ ይናገር። ሁለተኛ፥ ያ አንቀጽ ማንን፥ እንዴት እንደሚጎዳ ያስረዳ። ሦስተኛ፥ በቦታው ምን እንዲተካ እንደምንፈልግ ይግለጥ። ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት ተቃውሞ፥ የአንድ ቀን ወሬ ሆኖ ይቀራል። ይህ የተሟላለት ተቃውሞ ግን በአደባባይም ቢነገር፥ በስልክም ቢሰራጭ ክብደት አለው።

በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ለምትማሩ ወጣቶች የምንለው ይህ ነው። ለዕረፍት ወደየቀያችሁ ስትገቡ አዋጁን ይዛችሁ ግቡ። በእሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፥ በዓርብም ከመስጊድ ደጅ፥ በገበያም ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ፥ ትኬቱን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ፥ ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ መሄድ እንደማትችል፥ ያለ ፈቃድ የሚልክ ሰው በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1178 ከባድ ቅጣት እንደሚጠብቀው ንገሩ። ሰው ምን እንደሚላችሁም ስሙና ጻፉት፤ አቤቱታ የሚወለደው ከዚያ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ላላችሁ ወጣት ሹማምንት የምንለው ደግሞ፥ ፈቃድ ያላቸውን ኤጀንሲዎች ስም በደጃፋችሁ በትልልቅ ፊደል ለጥፉ፤ ውል ይዛ የመጣችን እናት «እኛን አይመለከትም» አትበሏት።

ጊዜው ቀላል አለመሆኑን አንዘነጋም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችንን ባወከው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ልጆች ከትምህርት ተለይተዋል፤ መንገድም ሰላም ያጣበት ቀን ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚሄደው ሰው ይበዛል እንጂ አያንስም። የሚሄደው ሰው በበዛ መጠንም የደላላው ገበያ ይደራል። ስለዚህ «ሰላም ሲሆን እናስብበታለን» ብሎ ማቆየት አይቻልም፤ መንገደኛዋ ሰላሙን አትጠብቅምና።

የዚያች እናት ጥያቄ እስካሁን በጆሯችን አለ፤ «እሱ ያለውና ወረቀቱ ያለው አንድ መሆኑን ማን ይንገረኝ?» ይህ ጥያቄ መቃወምም መደገፍም አይደለም፤ ከሁለቱም በፊት የሚመጣ ነው። ልጃቸው ሄዳ ይሆናል፥ ወይም ቀርታ ይሆናል፤ አናውቅም። ነገ ግን ሌላ እናት ሌላ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ወረቀቱን ተቀብሎ፥ ወንበር ስቦ፥ «ይቀመጡ እማማ፥ ላንብብልዎ» የሚል አንድ ወጣት በየመሥሪያ ቤቱ ቢገኝ፥ ከሰልፉም ከጩኸቱም የሚበልጥ ሥራ ተሠራ እንላለን።